ብሊዛርድ አይደለም ያለችው ልጄ

ልጄ አትላንታ ውስጥ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ትሠራለች። ካርታው ፊት ቆማ እጇን የምታወናጭፈው እሷ አይደለችም። ከጀርባ ሆና የአየሩን ሁኔታ የምታጠና፣ ሌሎቹ የሚያነቡትን የምትጽፍ ናት። ኮሌጅ የተማረችውም ይህንኑ ነው። ስሟ ስክሪን ላይ ባይወጣም እኔና እናቷ ያንን ጣቢያ ስንከፍት ንግግሩ ሁሉ ከልጃችን እጅ የወጣ ይመስለናል። ሌላ ጣቢያ ማየት ከተውን ቆይተናል።

እሁድ እሁድ ስቶን ማውንቴን ወዳለው ቤታችን ለምሳ ስትመጣ ስለ ሥራዋ ታወራናለች። በጣም የሚያበሽቃት ነገር ቢኖር መንገድ ዳር ቆመው የሚዘግቡት ሪፖርተሮች ቃል ሲያምታቱ ነው። እሷ አመዛዝና የጻፈችውን ትተው፣ በረዶ በወረደ ቁጥር «ብሊዛርድ» ይላሉ። ብሊዛርድ ለመባል ኃይለኛ ነፋስ በረዶውን እያንገላታ፣ ፊት ለፊት ያለው ነገር እስከማይታይ ድረስ፣ ለሰዓታት መቆየት አለበት ትላለች። በዊንተር የሚወርደውን እንደ ሻካራ ጨው ያለ ጠጠርም በሰመር ከነጎድጓድ ጋር ከሚመጣው፣ ሄይል ከሚባለው ትልልቅ በረዶ ጋር ያቀላቅሉታል።

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ቃሉ ሲገዝፍ ሰው የበለጠ የሚሰማቸው ይመስላቸዋል፣ ትላለች።

አንድ ጊዜ እነዚህ ነገሮች በአማርኛ ምን እንደሚባሉ እናቷን ጠየቀቻት። ስኖው? በረዶ። ሄይል? በረዶ። ፍሪዘር ውስጥ ያለውስ? እሱም በረዶ። ልጄ እስኪያንቃት ሳቀች። የኛ ሰው ሪፖርተር ቢሆን በፍጹም አይሳሳትም አለችን።

ባለፈው ዊንተር አንድ ቅዳሜ ላይ ነው ነገሩ ከሳቅ ያለፈው። ከዋዜማው ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ብሊዛርድ፣ ብሊዛርድ ይላል። አትላንታ በረዶ አልለመደባትም። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ዳቦና ወተት አልቆ፣ ብራይርክሊፍ ሮድ ያሉት የሐበሻ ሱቆችም እንጀራ ጨርሰው ነበር። ልጄ ቢሮ ልታድር ልብሷን ይዛ ሄዳለች።

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ግቢው ነጭ ሆኗል። በረዶው በብዛት ይወርድ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። አንድም ቅርንጫፍ አይነቃነቅም። ቴሌቪዥኑን ከፈትነው። ሪፖርተሩ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ሃይዌይ አጠገብ ቆሞ፣ ነፋስ የሚታገል ሰው ይመስል ጎንበስ ብሎ ይጮኻል። ከኋላው የአንድ መኪና መሸጫ ባንዲራ እንጨቱ ላይ ተጣብቆ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ባንዲራውን በጣቷ አሳየችኝና ሁለታችንም ሳቅን።

ያ ሳቅ ግን አዘናጋኝ። የተነገረኝ ቃል ከመጣው በረዶ በጣም ስለበለጠ፣ ደጄ ላይ ያየሁት ሁሉ ቀላል መሰለኝ። ይሄ ነው ያስፈራሩን? አልኩ ለራሴ።

እኔ የምሠራው ኢስት ፖይንት፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ነው፤ እንግዶችን በሻትል አመላልሳለሁ። የዚያን ቀን የከሰዓት ሺፍት ነበረኝ። እኩለ ቀን ላይ በረዶው ቆመ። ሪፖርተሩም ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ብሊዛርዱ አለፈ፣ የቀረው ትንሽ ዝናብ ነው አለ። አብሮኝ የሚሠራ ሐበሻ ጓደኛዬ ደወለና እሱ ሊወጣ መሆኑን ነገረኝ። ሃይዌዩ ላይ በረዶውን የሚያቀልጥ ጨው ተነስንሷል፤ ዝናቡ ደግሞ የቀረውን ያጥበዋል ብሎ ነው። እኔም ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁና የመኪናዬን መስታወት መጥረግ ጀመርኩ። ካፊያ ነገር ነበር።

ስልኬ ጠራ። ልጄ ናት። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

«ደጅ ነኝ፣ መኪናዬን እየጠረግኩ። ሥራ ልሄድ ነው።»

«የትም እንዳትሄድ።»

«አለፈ እኮ። የእናንተው ሰው ብሊዛርዱ አለፈ አለ።»

«ብሊዛርድ አልነበረም፣ አባዬ። ያልነበረ ነገር እንዴት ያልፋል? የሚያስፈራው አሁን የሚመጣው ነው።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣም ልመናም ነበረበት። ላይ ሰማዩ ሞቅ ብሏል፣ ታች መሬቱ ግን እንደቀዘቀዘ ነው፤ ዝናቡ ዝናብ ሆኖ ይወርድና ያረፈበት ላይ ወዲያው በረዶ ይሆናል አለችኝ። ፍሪዚንግ ሬይን ይባላል። ከማለዳ ጀምሮ ይህንኑ ጽፋ ሰጥታለች፤ ሪፖርተሩ ግን ዝናብ የሚለውን ብቻ ይዞ የቀረውን ተወው።

እሷ ስታወራ አሁን የጠረግኩትን መስታወት በጣቴ ነካሁት። ሌላ መስታወት ለብሷል። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ካልነኩት የማይታይ። ወደ ቤት ልመለስ ስል ደረጃው ላይ ተንሸራተትኩና መደገፊያውን ይዤ ተረፍኩ።

ለማናጀሬ ደውዬ እንደማልመጣ ነገርኩት። ቀጥዬ ለጓደኛዬ ደወልኩ። እሱ ግን ቴሌቪዥኑ አለፈ እያለ አንተ የምን ዝናብ ታወራለህ አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ፤ ከአፌ የወጣው «የበረዶ ዝናብ» የሚል ሆነ። እሱም በረዶ ከሆነማ ጠዋት አየነው ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። እኔም ትንሽ ቀደም ብዬ እንደሱ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ የሰማችው ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለችኝና ልጃችን ዘንድ መልሳ ደወለች። በገዛ ድምጿ፣ በአማርኛ ተናግራ እንድትልክልን ጠየቀቻት፤ የቤተ ክርስቲያኑ የስልክ ግሩፕ ላይ እንለቀዋለን አለቻት። ልጄ እንቢ አለች። አማርኛዋ የሰው መሳቂያ እንደሚያደርጋት ነገረቻት። አንተና እርስዎ ሁልጊዜ ይምታቱባታል፤ ሽማግሌዎቹን እደፍራለሁ ብላ ፈራች።

«እናንተ በይ» አለቻት እናቷ። «እናንተ ለሁሉም ይሆናል።»

ቀጥሎ ያስቸገረን ቃሉ ነው። ፍሪዚንግ ሬይን በአማርኛ ምን ይባል? ሦስታችንም አሰብን፣ አጣነው። ልጄ የተሳሳተ ስም ከምትሰጠው ዝም ብትል እንደምትመርጥ ተናገረች። በመጨረሻ ባለቤቴ ስሙ ይቅርብሽ፣ የሚያደርገውን ንገሪያቸው አለቻት።

ትንሽ ቆይቶ መልእክቱ መጣ። ከኋላው የቢሮ ጫጫታ ይሰማል።

«ጤና ይስጥልኝ። አማርኛዬ ጥሩ አይደለም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሥራዬ የአየር ሁኔታ ነው። ስኖው ቆሟል፣ ግን አላለቀም። አሁን ዝናብ አለ። ስታዩት ዝናብ ነው። ግን መሬቱ በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ መሬት ሲነካ መስታወት ይሆናል። አታዩትም። ፍሬን አይይዝም፣ ጫማም አይይዝም። እባካችሁ መኪና አትንዱ። ዛፍ ሥር አትቁሙ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። እናንተ… አመሰግናለሁ።»

ባለቤቴ ሁለቴ ሰማችው፤ በሁለተኛው ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። እኔ ደግሞ ለጓደኛዬ ላክሁለት። ብዙም ሳይቆይ መልሶ ደወለ። ካፖርቱን ማውለቁን፣ መልእክቱን ለወንድሙም እንዳስተላለፈለት ነገረኝ። «መስታወት ስትል ገባኝ» አለ።

የዚያን ቀን ከሰዓት መልእክቱ የት የት እንደደረሰ እኔ አላውቅም። ታክሲ ከሚነዱ፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተመልሶ ወደ እኛው ስልክ መጣ። አንዷ ሴት ይህችን ልጅ ስሟት ብላ የገዛ ልጃችንን ድምፅ ላከችልን።

ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነበር። ሪፖርተሩ አሁንም እዚያው ቆሟል። ከስክሪኑ ግርጌ ያለው ትልቁ ጽሑፍ ግን ሳናየው ተቀይሯል። ብሊዛርድ የሚለው ጠፍቶ በምትኩ ፍሪዚንግ ሬይን፣ ከቤት አትውጡ ይላል። ሪፖርተሩም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ እግሩ እያየ፣ እንደተጻፈለት አንድ በአንድ አነበበ።

«ይሄ የሷ እጅ ነው» አለች ባለቤቴ።

እኔ ቆሜ ነበር የማየው፤ መቀመጡን ረስቼዋለሁ። የተጻፈችው ነገር ሁለት መስመር አትሞላም፤ ሰው ልጁ ዲግሪ ሲቀበል እንደሚሆነው ነው የሆንኩት።

ወደ ማታ ግድም የጥዶቹ ቅርንጫፎች የበረዶውን ክብደት አልቻሉም። እንደ ጥይት እየተንጣጡ ይወድቁ ጀመር። አንዱ የጎረቤታችን መኪና ላይ ወደቀ፤ ደግነቱ ውስጡ ሰው አልነበረም። መብራት ሄደ። መብራት ሳይሄድ በፊት ሃይዌዩ ላይ መኪኖች ጎን ለጎን ተንሸራተው ቆመው በቴሌቪዥን አይተናል፤ ጓደኛዬ ሥራ ሲሄድ በየቀኑ ከሃይዌዩ የሚወጣበት መውጫም ከታየው ውስጥ ነበር። እሱ ቤቱ ከልጆቹ ጋር ነው።

ልጄ እዚያው ቢሮ አድራ፣ እሁድንም ሠርታ፣ ሰኞ ፀሐይ ሲወጣና መንገዱ ሲቀልጥ መጣች። ሪፖርተሩ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት እየደወለ ይሄ ምን ይባላል እያለ መጠየቅ እንደጀመረ እየሳቀች ነገረችን። አንድ ቃል ተሳስቶ አልተናገረም፣ ጎበዝ ነው አለች። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም አለችና ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቷ ጫማዋን ፈትታላት ጋቢ አለበሰቻት።

ስልኩ ግን አላረፈም። እንዳትነቃ ብዬ በረንዳ ላይ ወጥቼ ነበር የማነሳው። ከደወሉት መካከል ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ።

«ያቺ ልጅ የእርስዎ ናት አሉኝ» አሉ።

«አዎ፣ የኔ ናት» አልኩ።

«አማርኛ አልችልም ትላለች። ማን ነው አትችልም ያላት? እኔ ሐኪም ቤት ልሄድ ከዘራዬን ይዤ ነበር። ሰማኋትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያቅርቡልኝ፣ ልመርቃት።»

ተኝታለች አልኳቸው። እንግዲያው አይቀስቅሷት አሉኝና ምርቃቱን ለኔ ሰጡኝ፤ ረጅም ነበር፣ መሐሉ ላይ ማስነጠስም ነበረበት። እኔ ከጣሪያው ጫፍ እየተንጠባጠበ የሚወርደውን ውሃ እያየሁ አሜን፣ አሜን እላለሁ። ስገባ ባለቤቴ ምሳ አቅርባለች። ሁለታችንም አልነካነውም። ወንበሮቻችንን ወደ ሶፋው አዙረን፣ እስክትነሳ ጠበቅናት።