የእትዬ ብርነሽ አፍንጫና የእኔ አብሽ

እትዬ ብርነሽ የፈላና በር ሰፈራችን የቅመም ዳኛ ናቸው። የሾማቸው ሰው የለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሻራቸውም የለም። የማን ወጥ ጨው እንዳነሰው፣ የማን ሙሽራ ነጭ ሽንኩርት እንዳሳረረች ከደጅ ሆነው አሽትተው ይፈርዳሉ። «ቀምሶ የሚያጣፍጥ ሆዳም ነው፤ ባለሙያ በአፍንጫው ያጣፍጣል» ይላሉ። ለጾም ጊዜ ደህና አባባል ነበር። ችግሩ፣ ጥር ላይ የያዛቸው ጉንፋን ሲሄድ አፍንጫቸውንም ይዞባቸው ሄደ። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማያምኑት እሳቸው ብቻ ናቸው። የገዛ ሽሯቸው አርሮ ሽታው ጎረቤቱን ሲያዳርስ፣ እሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው ስለ ሽንኩርት አቆራረጥ ያስተምሩኝ ነበር።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ጎረቤታችን ናፊያ ማክሰኞ ለማፍጠሪያ ጠራችንና «ለእናንተም ለእኛም የሚሆን ዱባ ጠብሳችሁ አምጡ» አለች። ሹመቱን ስትመኝ የኖረችው ሌላዋ ጎረቤታችን ፀሐይ ቀደም ብላ፣ «ዘንድሮስ እኔ ልሥራው፤ እትዬ ብርነሽ ትንሽ ይረፉ» አለች።

«ሳርፍ ትቀብሪኛለሽ» አሉና ሸዋ በር ገበያ ወርደው ዱባቸውን ገዙ። ይህ ዱባ ከተበላሸ ዳኝነቱ ለፀሐይ እንደሚያልፍ ሁላችንም ገባን። እሳቸውም ገብቷቸዋል።

ዱባውን ቆራርጠው፣ በዘይት፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሽተው ሲያበቁ ከሙን አለቀባቸው። እኔ ቤት መጡ። የሦስት ወር ልጄን የዮዲን ሽንት ጨርቅ ስቀይር ራሳቸው ከመደርደሪያው አነሡ። የእኔ ከሙንና ለጡት ወተት የምጠጣው የተቆላ አብሽ በተመሳሳይ የማርማላታ ጠርሙስ፣ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፤ ሁለቱም ቡናማ ዱቄት። ስማቸውን መጻፍ ነበረብኝ። አሥረኛ ክፍል መድረሴ ለዚህ እንኳ አልጠቀመኝም።

ትሪውን ዳቦ ቤት ምድጃ ልናስገባ ተያይዘን ስንሄድ ሸተተኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር አብሽ አብሽ አይልዎትም? ልቅመሰው?»

«ለወላድ ምኑ አብሽ አብሽ የማይላት! ደግሞ ያልጾመ ምላስ በጾመኛ ምግብ ላይ አይፈርድም።»

ትሪውን ይዤ ተከተልኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያልተከራከርኩት በአክብሮት ብቻ አልነበረም፤ አንድ ቀን እንኳ ሲሳሳቱ ማየት አምሮኝ ነበር።

ማታ ናፊያ ቤት ተምሩ ተበላ፤ ዱባው ቀረበ። ጠርዙ ጠቆር፣ መሀሉ ወርቅ መስሎ ሲያዩት ያስጎመጃል። የናፊያ ባል መሐመድ ጎረሰና «ማሻአላህ» ብሎ ግማሽ ጆግ ውሃ ጠጣ። ፀሐይ ሁለተኛውን ቁራጭ አንሥታ እንደ ማስረጃ ያዘችው።

ይሉኝታ የማታውቀው ናፊያ ናት። «አቦ ብሬ፣ ወላሂ ይሄ አብሽ ነው። አራስ ልትጠይቂ ነው እንዴ የመጣሽው?»

እትዬ ብርነሽ አንድ በአንድ አዩን። መጨረሻ ላይ ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

«ታዲያ ለማን መሰላችሁ? ይቺ ልጅ ወተቷ እንዳይደርቅ ብዬ ነው የሠራሁት። የሰው ድርሻ ሳትጠሩ የበላችሁ እናንተ ናችሁ።» ትሪውን ወደ እኔ ገፉት። «ብዪ።»

በላሁ። ሁሉም እያዩኝ፣ መራራውን ዱባ እስከ ግማሹ በላሁ። ወተቴ ጎድሎ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ወረቀትና ሙጫ ይዘው መጡ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ጠርሙስሽ ላይ ስሙን ጻፊ» አሉ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሊያስረዱኝ። ጻፍኩ።

«ለሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ማፍጠሪያም ዱባውን የምሠራው እኔው ነኝ» ቀጠሉ። «አንቺ ከኋላዬ ትቆሚያለሽ። የጎደለ ነገር ካለ ቀሚሴን ሳብ ታደርጊያለሽ። ለፀሐይ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ያልጾመ ምላስ አይፈርድም ብለውኝ አልነበር?»

«አይፈርድም። ሳብ ያደርጋል።»

ይህን ብለው ዮዲን አነሧት። የበላሁት አብሽ በወተቴ አልፎ፣ ልጄ ከዚያ ማታ ወዲህ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ አብሽ አብሽ ትሸታለች፤ ያቀፋት ሰው ሁሉ ይሥቃል። እትዬ ብርነሽ አፍንጫቸውን አንገቷ ሥር ቀብረው በረጅሙ ሳቡ።

«ንጹሕ ልጅ። ምንም አትሸትም።»

ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። ድጋሚ ሳቡ።

«ትሸታለች እንዴ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ትሸታለች፣ እትዬ።»

ልጄን ቀስ ብለው መለሱልኝ። «ሐሙስ እንዳትቀሪ» አሉ።