ጄኔሬተሩ ዝም ያለ ዕለት

ልብስ ሰፊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጮህ ኖራለች። ጠበኛ ሆና አይደለም፤ በረንዳዋ ላይ ያለው ጄኔሬተር እያጓራ አላናግር ብሏት ነው። ደንበኛውን በረንዳው ላይ ትለካና ወደ ውስጥ ገብታ የስፌት መኪናው ላይ ለተቀመጠው ባሏ ልኩን በጆሮው ትጮህለታለች። ሐሜትም ካላት አብራ ትጨምራለች፤ ደጅ የቆመው ሰው የሚሰማው ጄኔሬተሩን ብቻ ነው።

ዘንድሮ መንግሥት የሶላርን ግማሽ ዋጋ እደጉማለሁ ሲል ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ናት። ዛሬ ሶላሩ ጣሪያዋ ላይ ወጣ፤ የስፌት መኪናው ያለ ጭስ፣ ያለ ነዳጅ ሽው ይል ጀመር። በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት!

የመጀመሪያው ደንበኛ የድጎማውን ፎርም የፈረመላት ኃላፊ ነበር። ወገቡን በረንዳው ላይ ለክታ እየበረረች ገባችና እንደ ልማዷ ጮኸች፦

«መቶ አሥራ ስምንት! አምና እኮ መቶ አራት ነበር! ምን እየበላ ነው ይሄ ሰውዬ? ጨርቁ ካልበቃው መጋረጃውን ቀጥልበት!»

ባሏ መርፌ እንደጠፋበት ሰው ጠረጴዛው ስር ገባ። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ ቀረ።

ኃላፊው በበሩ አንገቱን አስገባ።

«እትዬ፣ ድጎማው ለሶላሩ ነበር እንጂ ለድምፅ ማጉያው አልነበረም።»