ጣውንቲቱና የድሮው የሐይቅ መንገድ

ባለክሩ መንገድ አያውቅም። ይህን የሚክድለት ሰው በሰፈሩ የለም። ዕድሜ ልኩን የሞተር ሳይክል መቀመጫ ሲሰፋ የኖረ፣ ሞተር ላይ ሲወጣም የሚያምርበት ሰው ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ከታጠፈ የመጣበት ይጠፋዋል። አንዴ ለደንበኛ መቀመጫ ሊያደርስ ወጥቶ፣ ሲዞር ውሎ ሲዞር ውሎ፣ መልሶ የራሱን ሱቅ በር አንኳክቶ «ይቅርታ፣ ይህ ቤት የማን ነው?» ብሏል እየተባለ ይቀለድበታል። እሱ አይቀየምም። «ባለቤቴ እያለች እኔ ምን ልሁን ብዬ ልወቅ?» ይላል። ስሙ የወጣለት ልብሱ ላይ የክር ቁራጭ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። በሠርጉ ቀን እንኳ ሱፉ ላይ ክር ነበር፤ ሙሽራዋ ናት በጣቷ ያነሳችለት።

መንገድ የምታውቀው እሷ ነበረች። አንዴ ያየችውን መታጠፊያ አትረሳም። የዚያን ዘመን ሞተራቸው ደግሞ ጆሮ ታደነቁር ስለነበር፣ ከኋላ ተቀምጦ መናገር ጉሮሮን ማድከም ብቻ ነበር። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ቀኝ ትከሻውን መታ ካደረገችው ወደ ቀኝ ነው፤ ግራውን ከሆነ ወደ ግራ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ከጨበጠች ቀስ በል ማለት ነው። ጀርባውን በጡጫ ከደቃችው ደግሞ ርቧታል። እንዲህ ሆነው ያልሄዱበት መንገድ የለም። እሱም «አለቃ» ይላታል፤ ከኋላ ተቀምጦ የሚመራ አለቃ እኔ ቤት ብቻ ነው ያለው እያለ።

ከሁሉም የሚወዱት የሐይቁን መንገድ ነበር። ከተጋቡ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ የሄዱት በሱ ነው፤ ከዚያም ልጅ እስኪወለድ፣ ልጅ ተወልዳም ካደገች በኋላ፣ በየዓመቱ አልቀረባቸውም። በወፍጮ ቤቱ በኩል ይወጣል፣ የጡብ ፋብሪካውን ይታከካል፣ በብረት ድልድዩ ይሻገራል፣ ከዚያ በዛፎች ጥላ እየተጠማዘዘ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። አዲሱ ሰፊ መንገድ ከተሠራ ወዲህ በዚያ የሚሄድ ጥቂት ነው። አዲሱ ቶሎ ያደርሳል፤ አይካድም። ግን ከማድረስ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

አምና ባለቤቱ ልብስ እያጠፈች ሳለ ስትሮክ መታት። እግሯ ተመለሰ። አንደበቷም ተመለሰ፤ እንዲያውም ተስሎ መጣ። የግራ እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሌላው የአካሏ ክፍል ቤቱን ሲያተራምስ፣ ያ እጅ የሌላ ሰው ንብረት ይመስል ዝም ይላል። ሞተሯም ሸራ ለብሳ ግድግዳ ተደግፋ ከረመች።

ባለክሩ ላይ ደግሞ የዓይን ሕመም መጣ። ሐኪሙ በመብራት መርምሮት ሲያበቃ መንጃ ፈቃዱ ከዘንድሮ በኋላ እንደማይታደስለት ቁርጡን ነገረው። ቤት ገባና ባለቤቱ ፊት ቁጭ አለ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ አለቃ። ሐይቁን አይተን እንመለስ። ከዚያ ሞተሯን እሸጣታለሁ።»

«አልሄድም።»

«ለምን? ከኋላሽ መደገፊያ እሰፋልሻለሁ፤ ለቀኝ እጅሽም የቆዳ መያዣ አደርግልሻለሁ። አትወድቂም።»

«መውደቅ መቼ ፈራሁ?» አለች። «ቀኝ እጄ መያዣ ሊይዝ ነው። ግራው ይኸውልህ። በምን ልምራህ? ዕቃ ሆኜ ልጫን?»

ዕቃ ያለችው ነገር አንጀቱን በላው። ወደ ሱቁ ሄደ፤ ስፖንጅ እየቆረጠ፣ ቆዳ እየወጠረ መደገፊያውን ሰፍቶ እስኪጨርስ አሰበበት። እሱ የታየው ችግሩ የመንገዱ ነገር ብቻ ነበር። መንገድ የሚናገር ዕቃ ካለ እሷ ለምን ትጨነቃለች? ስለዚህ ጂፒኤስ ገዛ፤ መሪው ላይ የምትታሰር፣ መዳፍ የምታህል፣ በሴት ድምፅ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» የምትል።

ባለቤቱ ዕቃዋን አገላብጣ አየቻት። «በስተርጅናዬ ጣውንት አመጣህብኝ?»

«ኧረ ረዳትሽ ናት።»

«ድምፅዋም ያምራል።» ዕቃዋን መልሳለት ጠየቀች። «የድሮውን መንገድ ታውቃለች? በወፍጮ ቤቱ፣ በብረት ድልድዩ? ካወቀች እሄዳለሁ። በአዲሱ ልትወስዱኝ ከሆነ ግን እናንተው ሂዱ።»

ባለክሩ ቃሏን እንደ ውል ያዘው። ሌላ ከተማ ያገባች ልጃቸው ለጥየቃ በመጣች ጊዜ አሮጌ ላፕቶፗን ትታለት፣ የካርታውን ፕሮግራም ጭና፣ ጉዞውን ኮምፒውተር ላይ ካዘጋጀ በኋላ በገመድ ወደ ጂፒኤሷ እንዴት እንደሚልከው አሳይታው ሄዳ ነበር። የስፌት ጠረጴዛውን ጠርጎ ተቀመጠ። መርፌ ለለመደ እጁ ማውሱ ከበደው፤ ቢሆንም ከቤቱ እስከ ሐይቁ የተጠማዘዘ ቀይ መስመር አሳምሮ ሣለ። ገመዱን ሰካ፣ ላከ፣ ነቀለ። ጂፒኤሷ «ሐይቅ» የሚለውን ስም ስታሳየው ደስ ብሎት ሊሞክራት ብቻውን ወጣ።

ጣውንቲቱ እየመራች ቀጥ አድርጋ አዲሱ መንገድ ላይ አወጣችው። ግራና ቀኙ የጭነት መኪና ሆነ። ወፍጮ ቤት የለ፣ ጡብ ፋብሪካ የለ። ተናዶ ዞረ፤ ወደ ቤት የመለሰችውም ያችው እሷ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ለልጁ ደወለ። «ልጄ፣ ይቺ ዕቃ አታለለችኝ። ሌላ መስመር ሰጥቻት በሌላ ወሰደችኝ።»

«አባዬ፣ ስንት ነጥብ ነው ያደረግህላት?»

«የምን ነጥብ? መነሻና መድረሻ ነዋ። መካከሉን በመስመር ሣልኩላት።»

«መስመሩን እኮ አትወስደውም» አለች ልጁ ሳቋን እየዋጠች። «እሷ ጋ የሚደርሱት ነጥቦቹ ብቻ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ራሷ ነው የምትመርጠው፤ ሁልጊዜም ፈጣኑን ነው የምትመርጠው። በድሮው መንገድ እንድትሄድልህ ከፈለግህ፣ በየመታጠፊያው መንገዱ ላይ ነጥብ አኑርላት።»

ይህ ገባው። ቆዳ ሁለት ጫፉ ላይ ብቻ ከተወጋ መካከሉ ወደፈለገበት ይሸሻል፤ ይህን ለሱ የሚነግረው አያስፈልግም። የቸገረው ሌላ ነው። ወደ ካርታው ቢጠጋ የትኛው መታጠፊያ የቱ እንደሆነ ከየት ይወቀው? በዚያ መንገድ ዕድሜውን ሲመላለስ ያየው ከፊቱ ያለውን አስፋልት ነበር፤ የቀረውን የያዘው ትከሻው ነው።

«አለቃ፣ እስቲ ነይልኝ።»

መጣች። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ መጀመሪያ ኩርፊያዋን አልጣለችም ነበር። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘርግታ ስክሪኑን መጠቆም ጀመረች። «አይደለም፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ በል። እዚህ ነው ሰንሰለቱ የተበጠሰብን። አዎ፣ እዚያ አድርግ። ይሄ ደግሞ አንተ ልጅቷን ማርገዜን ስነግርህ ሞተሩን ያጠፋህበት ነው።» ባለክሩ ነጥብ ያኖራል፤ እሷ ትቀጥላለች። ከጡብ ፋብሪካው በኋላ ኩርፊያዋም ቀረ። ሻያቸው በረደ፤ ማን ልብ ብሎት? ሁለቱም ሐይቁን ሳይሆን እነዚያን ዓመታት ነበር የናፈቁት፤ አንዳቸውም ግን አላሉትም።

ብረት ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ዝናቡ ትዝ አላት። «ከድልድዩ ሥር ተጠልለን፣ የመቀመጫውን ሸራ ገፍፈህ አለበስከኝ።»

«ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ፣ ቤት እስክንደርስ ሱሪዬ ሲጨመቅ!»

ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ እንባዋን በትከሻዋ እስክትጠርግ ሳቀች። እሱም እሷን እያየ ማውሱን ተጫነ፤ የድልድዩ ነጥብ ከድልድዩ ወጥታ ወንዙ ዳር ካለ የሰው ጓሮ ውስጥ አረፈች። ሁለቱም አላዩዋትም።

እሁድ ጠዋት ወጡ። ጣውንቲቱ በዚህኛው ጊዜ ጨዋ ሆነች። በወፍጮ ቤቱ አለፈች፣ ጡብ ፋብሪካውን ታከከች፣ ሰንሰለቱ በተበጠሰበት ሁሉ ወሰደቻቸው። ባለክሩ ልቡ ሞላ። በስፖኪዮው ባለቤቱን ሲያያት ግን ፊቷ ላይ ደስታ አላገኘም። መያዣዋን ጨብጣ ጎን ጎኑን ትመለከታለች። እንዳለችው ዕቃ ሆና ተጭና ነበር።

ድልድዩን ተሻገሩ። «ዞረው ይመለሱ» አለች ጣውንቲቱ። ያቺን የጓሮ ነጥብ ሳይነኩ በማለፋቸው ነው እንጂ መንገዱስ አልተሳሳተም። ባለክሩ ግን መታዘዝ የለመደ ሰው ነው፤ ዞሮ ተመለሰ፤ አንድ አጥር ጥግ ወሰደችው። ልብስ የሚያሰጣ ሰውዬ ገመዱን ይዞ ቆሞ አየው። ባለክሩ አፍሮ እጁን አነሳለትና ድልድዩን እንደገና ተሻገረ። «ዞረው ይመለሱ።» እንደገና ዞረ። ሰውዬው አሁን ልብሱን ትቶ ነበር የሚያየው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲሻገር መንገዱ ከድልድዩ ወዲያ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረሰ። ጣውንቲቱ ያንኑ ትላለች። የቱ በየት እንደሆነ የማያውቀው ባለክሩ ፍጥነቱን ቀንሶ መሪውን ሊያዞር ሲል፣ ግራ ትከሻው ላይ ድው የሚል ነገር መታው።

ራሷን ስታ የወደቀችበት መሰለው። በስፖኪዮው ቢያይ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታየዋለች። ከዚያ ጎንበስ አለችና በሄልሜቷ ግራ ትከሻውን አንድ ጊዜ ደገመችው፤ ድው።

ወደ ግራ ታጠፈ። ጂፒኤሷን አውራ ጣቱ ባገኘው ቁልፍ አጠፋት። ከዚያ በኋላ እስከ ሐይቁ ድረስ አለቃ በራሷ መራችው፤ ቀኝ ሲሆን ቀኙን፣ ግራ ሲሆን ግራውን፣ ያለ ርኅራኄ። ባለክሩ ሄልሜቱ ውስጥ አለቀሰ፤ ዓይኔ ታሟል የሚል ሰበብ ስላለው አላፈረም።

ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ትከሻውን እያሸ «ቀስ ብትይ ምናለበት?» አላት።

«ድልድዩን ሦስት ጊዜ ስታሻግረኝ የታገስኩት አነሰህ?» አለችው። እየሳቀች ነበር። «ያቺን ጣውንቴን ሻንጣ ውስጥ ክተታት። ደክማለች።»

ዓመቱ ሲያልቅ መንጃ ፈቃዱ አልታደሰም፤ ሞተሯም ተሸጠች። ለገዢው አዲስ መቀመጫ ሰፍቶ ሰጠውና የድሮውን አስቀረ። አናጺ ለመቀመጫው እግር ሠራለት፤ አሁን ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው። ሥራ ሲያበቃ ሁለቱ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ፤ እንደለመዱት እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ሻይ ሲያምራት አትናገርም። በግንባሯ ግራ ትከሻውን ትገፋዋለች፤ እሱም ይነሳል። ወጥ ቤቱ በግራ በኩል ነው።