ቡናማ ያድርጉልኝ

ባለፈው ሳምንት ገላን ኮንዶሚኒየም ሥር በተከፈተው የጥርስ ክሊኒክ ወንበር ላይ ተንጋልዬ ሳለሁ፣ ልጄ የምትሆን ሐኪም ጥርሶቼን በብረቷ አንድ በአንድ እየነካካች ቆጠረች። የወሰደኝ የመንጋጋ ሕመም ነበር። ቆጥራ ስትጨርስ «እናቴ፣ የፊቶቹ ሁሉም የራስዎ ናቸው፤ ጥሩ አድርገው ይዘዋቸዋል» አለችኝ። አፌ በጥጥ ባይሞላ ኖሮ ወንበሩ እስኪነቃነቅ እስቅ ነበር። ከፊቶቹ አንዱ የእኔ አይደለም፤ የጋሽ ሱሩር እጅ ሥራ ነው።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር እስከ ስምንት ዓመቴ ያደግሁት መተሐራ ነው። የዚያ አገር የጉድጓድ ውሃ የልጅ ጥርስ ያበልዛል። እዚያ ሳለን የሁላችንም ቡናማ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። አባቴ ወደ አቃቂ ሲዛወር ግን ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ቀን አንዷ «አንቺ ጥርስሽን አትፍቂም እንዴ?» አለችኝ። ስፍቅ ውዬ ባድር እንደማይለቅ ማን ያስረዳት! ከዚያ ወዲያ እጄ ከአፌ አልተለየም። ስስቅ በመዳፌ፣ ስዘፍን በነጠላዬ ጫፍ እሸፍናለሁ።

መዝፈኑን ግን አልተውኩም። አቃቂ በሰቃ ሰርግ ካለ አቀንቃኟ እኔ ነበርኩ። ድምፄ ከድንኳኑ አልፎ ሐዲዱን ይሻገራል ይሉኛል፤ ትንሽ ቢያጋንኑም አልከፋኝም። ሌላው ኩራቴ ደግሞ የጥርሴ ጥንካሬ ነበር። የመተሐራ ልጆች ስንገናኝ «ቢበልዝም ብረት ነው» እንባባላለን። እንደ መጽናኛ የጀመርነውን በኋላ እኛው አመንነው።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሳለሁ፣ በአንድ የፋሲካ ማግስት፣ የአብሮ አደጌ የአስቴር ሰርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እነሱ ቤት ተሰብስበን ዶሮ ወጥ ስንበላ የጠርሙስ መክፈቻ ጠፋ። «እኔ እያለሁ የምን መክፈቻ!» አልኩና ለስላሳውን እየተቀበልኩ ቆርኪውን በጥርሴ እነቅል ጀመር። ሦስቱ በሰላም ተከፈቱ። አራተኛው ሲወጣ የፊት ጥርሴ ግማሹ አብሮት ወጣ። አስቴር ስባሪዋን ከወለሉ አንስታ መዳፏ ላይ እያየች ማልቀስ ጀመረች።

«አሁን ማን ያቀነቅንልኛል?» አለች።

«አለሁ አይደል» ልላት ነበር፤ ትንፋሹ በሽንቁሩ ሾልኮ ከቃሉ ይልቅ ፉጨቱ ተሰማ። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ቃሊቲ ወደሚገኝ የጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። «ክራውን እናለብሰዋለን፤ ለጥርስ እንደ ቆብ በይው» አለችኝ። በቀጠሮ እያመላለሰች ሥሩን አከመች፣ የተረፈውን ሞርዳ አሳጠረች፣ ሮዝ ሊጥ የመሰለ ነገር አስነክሳኝ ልክ ወሰደች። ከዚያ ከነጭ እስከ ዳማ የተደረደሩ ትንንሽ የናሙና ጥርሶች ዘርግታ ቀለም አስመረጠችኝ። ጣቴን በጣም ነጩ ላይ አሳረፍኩ።

«ከሌሎቹ ጋር አይሄድም እኮ» አለች።

«ግዴለም፣ እሱን» አልኳት። በሕይወቴ አንድ ነጭ ጥርስ አገኘሁ ብዬ ነዋ! ያን ሰሞን ገንፎና ሽሮ ፍትፍት እየበላሁ ቀን ቆጠርኩ። ለሙሽራዋ ጥሎሽ ከሚጠብቁት ይልቅ የእኔ ልብ ይደልቅ ነበር።

ክራውኑ የደረሰው ሰርጉ እሑድ ሆኖ ዓርብ ከሰዓት ነው። የሚያዝያ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ታክሲው እየዋለለ አደረሰኝ። ዶክተሯ ለሙከራ ጥርሴ ላይ አድርጋ መስታወት ሰጠችኝ። ፈገግ አልኩ፤ ወዲያው አፌን ገጠምኩ። ጨለማ ቤት ውስጥ አንድ አምፖል የበራ ይመስላል። ሌሎቹ ጥርሶቼ ያን ያህል ጠቁረው አይቻቸው አላውቅም። በዚህ ጥርስ አስቴር ሰርግ ላይ ብቆም ሰው ሙሽራዋን ትቶ እኔን ያያል።

«ቡናማ ማድረግ ይቻላል?» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። «ቅዳሜ አልገባም። ዛሬ ካልሆነ ከሰርጉ በኋላ ሰኞ ነው። ጋሽ ሱሩርን ጠይቂያቸው» ብላ ወደ ጓሮው ክፍል ወሰደችኝ።

ጋሽ ሱሩር ጥርስ ሠሪው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ የስልጤ ሰው። ችግሬን ሰምተው ክራውኑን በጣታቸው ያገላብጡ ጀመር።

«ሰዉ ሁሉ ነጭ አድርግልኝ ነው የሚለኝ። ቡናማ ያለኝ ሰው የለም» አሉ።

«እኔ ልበልዎት፣ ጋሼ። ቡናማ ያድርጉልኝ።»

«እስቲ መስኮቱ ጋ ቁጭ በይ፤ አፍሽን ክፈቺ።»

እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሄደ። «ኧረ እጅሽን አንሺ፣ አላየሁም» አሉኝ። አነሳሁ። በቀን ብርሃን፣ በቅርብ፣ ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። እሳቸው ግን ቀለሙን በመስታወት ቁራጭ ላይ እያራሱ፣ በቀጭን ብሩሽ እየነኩ፣ ቀና ብለው አዩኝ፤ እንደገና አቀርቅረው ቀቡ።

«ቡናማ ብቻ አይደለም እኮ» አሉ። «ሥሩ ጋ ማር ነው። መሀሉ ላይ አግድም መስመር አለው። ጫፉ ላይ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ። ይሄ ቀላል ሥራ መሰለሽ?»

እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የማውቀው አንድ ቆሻሻ ቀለም ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ጥርስ ከሚጋግሩባት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲወጣ የተቆላ ባቄላ መስሎ ጠቆረ። ሌላ ሠሩ። ሁለተኛውን ምድጃ ውስጥ እንዳስገቡ መብራት ሄደ። ዶክተሯ ጃኬቷን ደርባ በሩ ላይ ቆመች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እደግማለሁ። ጋሽ ሱሩርም በበኩላቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ሦስታችንም እኩል ወደ ምድጃዋ ዞርን። ዶክተሯ ጃኬቷን መልሳ ሰቀለች።

እንደገና ቀብተው፣ እንደገና ጋግረው ሲያበቁ ጥርሱ ልኩን ሆነ። ከተለጠፈልኝ በኋላ መስታወቱን ይዤ ፈለግሁት፤ በዓይኔ ለየሁት ብዬ በምላሴ ስነካው ሌላኛው ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ሱሩር አፌ ላይ አጎንብሰው የገዛ ሥራቸውን እያዩ ፈገግ አሉ። «አሁን ዝፈኚ፤ ቆርኪ ግን ተዪ» አሉኝ።

እሑድ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ በሩን ዘግተን እንደ ወጉ እያስለመንን ዘፈንኩ። ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ እንዳለ መቅረቱን ያየሁት ከወራት በኋላ፣ የሰርጉን ቪዲዮ ስንመለከት ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ልጅ አፏን በሰፊው ከፍታ፣ ጥርሷን ለካሜራው ሰጥታ ትዘፍናለች። ራሴን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ገላን ያለችው ሐኪም የታመመውን መንጋጋዬን አክማ ሸኘችኝ። ስለ ፊቱ ጥርስ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ስለ ቀለሙ ብቻ ይመስላት ነበር። እኔ ያን ዓርብ የሄድኩት ጥርስ ፍለጋ ነው። ያገኘሁት ግን አፌን ሳይሳቀቅ አንድ ከሰዓት ሙሉ ያየኝን፣ ያየውንም አስመስሎ ለመሥራት የደከመልኝን ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ አፌን ሸፍኜ ስቄ አላውቅም።