ለቅምሻ የሚመጡት ሽማግሌ

ሽማግሌው የማር ቅሉን አፍ በነጭ ጨርቅ እየደጋገሙ ይወለውላሉ። ቅሉ ግን ባዶ ነው፤ ታጥቦም ነው የመጣ። የጋቢያቸው የድሮ ቀዳዳዎች በደቃቅ ስፌት ተጥፈዋል፤ አዲሱ ቀዳዳ እንዲያው ተቋጥሯል።

ማር ሻጯ ሸጋዬ ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም፤ የቅዳሜ ገበያ ልማዳቸውን ግን ታውቃለች። ሐኪም ስኳር አለብዎ ብሎ ማርና ጠጅ ከከለከላቸው ወዲህ ጎመንና የገብስ ቂጣ ለምደዋል። ማር ገዢ ሳይቀምስ አይገዛምና፣ ለቤት የሚሆነውን ማር እንዲገዙ ሚስታቸው አስበው እሳቸውን ይልካሉ።

«ማሩ የእንግዳ፣ ቅምሻው ያንተ ትለኛለች» ብለዋት ነበር አንድ ጊዜ እየሳቁ። «ደግሜ እንዳልቀምስ ግን ስመለስ ጺሜን ታሸታለች!»

ዛሬ አልሳቁም።

«ምነው አያ፣ ጠፉሳ? ይሄን ይቅመሱ፣ ከአይከል የመጣ ሸጋ ማር ነው» አለች ሸጋዬ፣ እጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ እያደረገች። «እንግዳ አለብዎ?»

«ለሷ ተዝካር ጠጅ ሊጣል ነው።»

የሸጋዬ እጅ ማሩ ላይ ቀረ። «እንግዲያ ዛሬስ ደጋግመው ይቅመሱ» አለች ቀስ ብላ።

«ጺሜን ማን ሊያሸት?»

የእጃቸውን ማር በነጩ ጨርቅ ጠርገው ተነሡ። ሸጋዬ «አያ፣ ማሩስ?» ብላ ተጣራች። እሳቸው ግን ባዶውን ቅል በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ሳይገዙ ቁልቁል ወረዱ።