«አያለሁ በይ»

ስለ ተአምር ሲወራ ደሜ ይፈላል። የሚያውቁኝ ሰዎች «እምነትሽ ቀዘቀዘ እንዴ?» ይሉኛል። አልቀዘቀዘም። እናቴን ዓይኗ እንባ እያፈሰሰ «አያለሁ» ያሰኛትን ሰውዬ የረሳሁ ቀን ቀዘቀዘች በሉኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰፋሪ ከደጋ በመኪና እየተጫነ የሚራገፍበት ጊዜ። እኔ ጋምቤላ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆኗል፤ እኛ በሠራናቸው አግዳሚዎች ላይ ያስቀምጡንና ስለ ንቃተ ኅሊና ያስተምሩናል። እሑድ እሑድ በየቤቱ ተከፋፍለን፣ አንዱን በር ላይ አቁመን፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። በሹክሹክታ መዘመር ከባድ ነው። ሰውን የሚያሞቅ ጩኸት የለም፣ ከበሮ የለም፤ ያለህ ቃሉ ብቻ ነው።

እናቴን የዓይን ማዝ ይዟት ነበር። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ዓይኗን በጨፈነችና በገለጠች ቁጥር ብሌኗን ይፍቀዋል። ቤቴ ከእሷ ቤት አጥር ለአጥር ስለሆነ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ፣ ራሷን ጭኔ ላይ አስደግፌ፣ ያንን ፀጉር በወረንጦ እነቅልላታለሁ። «ቀስ በይ እንጂ፣ አዞ መሰልኩሽ?» ትለኛለች። ነቀላው ማስታገሻ ነው። የዓይን ቆቧን የሚያስተካክል ሐኪም ዝናቡ ሲያባራ መቱ ሆስፒታል እንደሚመጣ አለቃዬ ነገረኝ። «እስከዚያ ነቀላው እንዳይቋረጥ። ብሌኑ አንዴ ከነጣ ማንም አይመልሰውም» አለኝ። መኪና የምትፈራው እናቴ ለምኛት ለምኛት እሺ አለች።

ሰውዬው የመጣው በዚያው ክረምት ነው። ነቢይ ነኝ ይላል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ከሰፋሪዎቹ ጋር ነው የሚሉ አሉ፣ ከሌላ ከተማ ተባሮ ነው የሚሉም አሉ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ የእኛ ሰውም አነጠፈለት። በሕዝባችን አልፈርድም። ሽማግሌዎቻችን ታስረዋል፣ የተፈቱትም አፋቸው ተለጉሟል፤ ሰው ሹክሹክታ ሰልችቶታል። ሰውዬው ደግሞ ይጮኻል። ሽባ ተነሣ ይላል፣ ጋኔን ውጣ ይላል። የሚገርመው፣ እኛን ስለ ሹክሹክታችን ጠርቶ የሚያፋጥጠን ቀበሌ የእሱን ጩኸት አልሰማም።

ለምን እንዳልሰማ በኋላ ገባኝ። በእኛ በአኙዋኮች ልማድ ሴት ስትዳር ለወላጆቿ ዲሙይ ይሰጣል። ዲሙይ ገበያ የማይገኝ፣ አያት ከአያት የተቀባበለው አሮጌ ዶቃ ነው። ለእህት የመጣው ዶቃ ለወንድም ማግቢያ ይሆናል፤ ዶቃ የሌለው ወንድ ሚስት የለውም። እኔ ስዳር የመጣውን ዲሙይ እናቴ ለታናሽ ወንድሜ አስቀምጣለት ነበር። ልጅቷም ታውቃለች፣ አባቷም ያውቃል፤ የቀረው መከሩ ነበር። ካድሬዎቹ ዲሙይን «ኋላ ቀር ባህል» ብለው ሊያስቀሩ ብዙ ለፍተዋል፤ ሰው መሬት ቆፍሮ ቀበረባቸው። ሰውዬው በበኩሉ ደገኛ ነው። በእሱ አገር ጨሌ የዛር ዕቃ ነው። የእኛን የጋብቻ ዶቃ ሲያይ ዛር ታየው፤ ወይም የታየው አስመሰለ፣ የሆዱን እሱ ያውቃል። «ጨሌያችሁን አውጡ! ሰይጣኑ የተቀመጠው እዚያ ላይ ነው!» ይላል። የመንግሥት ጠመንጃ ያላስቆፈረውን በኢየሱስ ስም አስቆፈረው። አንድ ካድሬ የእግሩን ቁስል ሳጥብለት እየሳቀ «ነቢያችሁ ጎበዝ አብዮታዊ ነው» ብሎኛል። እጄ ላይ የነበረውን ፋሻ አጥብቄ አሰርኩለት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሰውዬው አኙዋክኛ አይችልም። የሚያስተረጉምለት ወንድሜ ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲያስተምር አማርኛው ስለቱ ወጥቷል፣ ድምፁም ያምራል። ልጁ ክፉ አይደለም። የእናቱ ዓይን በቀን በቀን ሲደክም እያየ ነው፤ አንድ ሰው መጥቶ «አበራታለሁ» አለው፤ አመነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ የእናቴ ቤት ባዶ ነው። ሰው ወደተሰበሰበበት ግቢ ሮጥኩ። እናቴ መሐል ተቀምጣለች፣ ከፊቷ ነጭ ሳፋ ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል፣ ዲሙዩ ከወንድሜ እጅ ወደ ሰውዬው እጅ እያለፈ ነው። ሰውዬው ዶቃውን ውሃው ውስጥ ነከረና እጁን አብሮ ከትቶ እያማሰለ ጸለየ። ውሃው ቀላ። «ደም! የሰይጣን ደም!» አለ። ወንድሜ አስተረጎመ። ሰው ጮኸ፣ ወደቀ። ሰውዬው ሁለት አውራ ጣቶቹን በእናቴ ዓይኖች ላይ ተጭኖ «ታያለሽ?» አላት። ዝም አለች። እንደገና ጠየቃት። ዝም። «ሰይጣኑ ምላሷን ይዟታል! ጌታን አታሳፍሪ! አያለሁ በይ!» ወንድሜ ይህን ሲያስተረጉም እያለቀሰ ነበር፤ ከራሱም ጨመረበት፦ «እማዬ፣ ስለ እኔ ብለሽ።»

«አያለሁ» አለች እናቴ።

እልልታው የባሮን ወንዝ የሚያሻግር ነበር። እኔ ግን የሰውዬውን ጣቶች እያየሁ ነበር። ጥፍሮቹ ሥር ቡናማ ናቸው። የእኔም ጥፍሮች እንደዚያው ቡናማ ናቸው፤ ቁስል ማጠቢያ ውሃ ውስጥ የምጨምረው ፐርማንጋኔት ያበላሻቸው። ቁንጥር የምታህል ዱቄት ውሃውን ወይን ጠጅ ታስመስለዋለች፣ በዛ ካለች ደም ታስመስለዋለች፤ ጣት ላይ ስትደርቅ ቡናማ ትሆናለች። እኔ በየቀኑ ቁስል የማጥብበትን ውሃ ነው ሰው በግንባሩ ተደፍቶ የሰገደለት።

በማግሥቱ ለወንድሜ ነገርኩት። «አንቺ እግዚአብሔርን በጤና ጣቢያ ብልቃጥ ትለኪዋለሽ» አለኝ።

«ዲሙይህ የት አለ?»

«ባሮ ውስጥ ተጥሏል።»

«ሲጣል አይተሃል?»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ቅዳሜ ወረንጦዬን ይዤ ማንጎው ሥር ብቀመጥ እናቴ ከቤት አልወጣም አለች። «የዳነ ዓይን አይነቀልም» አለችኝ። መቱስ? መቱ መሄድ ጌታን መካድ ነው ተብላለች። ሌላ ቅዳሜ መጣ፣ አሁንም አልወጣም። ዓይኗ አብጦ ደም መስሏል። ሽፋሽፍቱ አድጎ ብሌኗን እንደ አሸዋ እየፈተገው እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ሕመሙንም አውቃለሁ፣ ትልልቅ ወንዶች ጤና ጣቢያ በር ላይ ሲንሰፈሰፉበት አይቻለሁ። እሷ ግን ቁጭ ብላ ፈገግ ትላለች። ሰው ሲያልፍ በድምፁ ለይታ ስሙን ትጠራለች፣ ሰውዬውም «ይኸው አየችኝ!» ብሎ እያወራ ይሄዳል። ንዴቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ዓይን ያወጣ ውሸት ሲባል እሰማ ነበር፤ ቤቴ አጠገብ ዓይን ሲያወጣ አየሁት።

ማታለሉን ላሳያት ቆረጥኩ። ከጤና ጣቢያ ትንሽ ፐርማንጋኔት በወረቀት ጠቅልዬ መጣሁ፣ በሳፋ ንጹሕ ውሃ ቀድቼ ከፊቷ አስቀመጥኩ። ዱቄቱን ከመጨመሬ በፊት «እማዬ፣ እይው እስቲ፣ ውሃው ምን ይመስላል?» አልኳት። ፊቷን ወደ ሳፋው አዙራ ቆየች።

«ቀይ ነው» አለች። «እንደዚያ ቀን።»

ወረቀቱ ገና እጄ ውስጥ ነው። ከዝምታዬ እሷም ነገሩ ገባት፤ ግን ቃሏን አልመለሰችም።

ውሃውን ደፍቼ በሰፈሩ ወዳሉ አንዲት አሮጊት ሄድኩ። እኚህ እናት የጸሎታችን መሪ ናቸው፤ ባላቸው ስለ እምነቱ ታስሮ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው የሞተው። አሳ አጥምደው አድርቀው ይሸጣሉ። ሲጸልዩ ድምፃቸው አይሰማም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳፋውን፣ ዱቄቱን፣ ጥፍሩን። ሌባ የያዝኩ መስሎኝ ልቤ አብጧል። እሳቸው አሳቸውን መገልበጥ አላቋረጡም።

«እውነተኛ ደም ቢሆን ኖሮስ? ትከተዪው ነበር?» አሉኝ።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እኔም አንድ አሳ ገለበጥኩ።

«አንቺን ያናደደሽ ውሃው ነው» አሉ። «እኔ ባሮ ራሱ ደም ሆኖ ቢፈስም ያንን ሰውዬ አልከተለውም። ጌታ ከነካው በኋላ ‹ዳንኩ› እያለ ዋሽቶ የኖረ ሰው አላየሁም። ጌታ ድሃ ቤት ገብቶ የልጅ ማግቢያ ይዞ ሲወጣም አላየሁም። ዱቄቱን ማወቅ አላስፈለገኝም።»

ተነሥተው አብረውኝ መጡ። እናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው እጇን ያዙ። «እህቴ፣ አታዪም አይደል? ጌታ እንደሆነ ያውቃል፣ አይቆጣሽም» አሏት። እናቴ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ ያለችውን ስሰማ በእሷ ላይ የነበረኝ ንዴት ሁሉ ዞሮ ሰውዬው ላይ ተከመረ።

«አላይም ካልኩ» አለች፣ «ልጄ ዲሙዩን የሰጠው በከንቱ ነው። ሚስት ያጣው በከንቱ ነው። እንዴት ብዬ ልንገረው?»

እምነት አልነበረም ለካ። ጌታን ፈርታም አልነበረም። ልጇን ላለማሳዘን ነው ያንን ሁሉ ሕመም ፈገግ ብላ የተሸከመችው። ሰውዬውም ይህን ያውቃል፤ የሚነግደውም በዚሁ ነው። እናት ስለ ልጇ፣ ባል ስለ ሚስቱ ብለው «ዳንኩ» ይላሉ፤ እሱ ያንን ፍቅር ሰብስቦ ኃይሌ ነው ይላል።

እሑድ እናቴን በግራና በቀኝ ይዘን ወደ ሰውዬው ጉባኤ ሄድን። ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል እናቴ ተነሣች። ሰው እልል ሊል አፉን ከፈተ። እሷ በአኙዋክኛ፣ ሳትጮኽ፣ «አላይም» አለች። «ጌታን እወደዋለሁ፣ ግን አላይም። ያን ቀንም አላየሁም። ልጄ ይቅር ይበለኝ።»

ሰውዬው ፈገግታውን ሳያጥፍ ወደ ወንድሜ ዞሮ «ምን አለች?» አለ። ወንድሜ መሐል ቆሟል። አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሰውዬውን ያያል። «ምን አለች እኮ!»

አሮጊቷ በገበያ አማርኛቸው «አንተ ሰውዬ፣ ቆይ። ልጅ ይናገራል» አሉት።

«እናቴ አላይም ነው የምትለው» አለ ወንድሜ። ድምፁ ያ የሚያምረው ድምፅ አልነበረም። «ያን ቀንም አላየሁም ትላለች። ዲሙያችንን መልስ ትላለች።» የመጨረሻውን እናቴ አላለችም።

ሰውዬው «ይህ ያለማመን መንፈስ ነው! እምነት የላችሁም!» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ አላስተረጎመለትም። የመለሱለት አሮጊቷ ናቸው፦ «እምነት እኛ ጋ አለ። አንተ ዶቃ አምጣ።»

አንድ ሰው ከኋላ ተነሥቶ «እግሬም እንደነበረው ነው» አለ። አንዲት ሴት «ልጄን ትኩሳቱ አልለቀቀውም» አለች። ከሹክሹክታ ጉባኤያችን ወዲህ እንደዚያ ያለ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም፤ ማንም አልተገፋም፣ ማንም አልወደቀም፣ ሁሉም የሆነውን ተናገረ።

ሰውዬው ብዙ ሳይቆይ በጭነት መኪና ወጣ። ዶቃውን ይዞ ይሁን ሸጦ አናውቅም፤ ቀበሌም አልጠየቀው፣ ኋላ ቀር ባህል ማን ይፈልጋል? የልጅቷ አባት እስከ መከር ጠብቆ ከወንዙ ታች ለመጣ ሌላ ሰው ዳራት። ወንድሜ አልፈረደበትም። እናቴን መቱ ያደረሳት እሱ ነው፤ መንገዱን ሁሉ የመኪናው መንገጫገጭ እንዳያስፈራት ትከሻዋን ይዞ። ሐኪሙ የሁለቱንም ዓይኖቿን ቆብ አስተካከለ። ግራው ዳነ። የቀኙ ብሌን ግን ነጥቷል። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለ። ያ ቀደም ብሎ የሚባለው ጊዜ የት እንዳለፈ እኛ እናውቃለን፤ «አያለሁ» ስትል ነው ያለፈው።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ከሌላ አውራጃ ተዛውራ የመጣች ነርስ፣ እዚያ አንድ ሰባኪ «ጋምቤላ ውስጥ ዕውር ሴት አብርቻለሁ» እያለ እንደሚመሰክርና ሰውም እልል እንደሚልለት አጫወተችኝ። መልኩን ስጠይቃት ራሱ ነው። እየነደድኩ ወደ እናቴ ሄጄ ነገርኳት። ማሽላ እየለቀመች ነበር፤ በዳነው ዓይኗ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጠይቁት እስቲ» አለች፣ «የትኛውን ዓይኔን ነው?»