ሎጁን የዘጋንበት ቀን

ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር እራመዳለሁ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤቴ ተነሥቼ ሐይቁ ዳር እስክደርስ ደጋግሜ አርፋለሁ። ዛሬ ጀልባዎቹ በሙሉ እንደታሰሩ ነበሩ። አንድ ወጣት ባለጀልባ ተነሥቶ፣ «ፋዘር፣ ገዳማቱን ላሳይዎት?» አለኝ። የከተማው ሰው መሆኔን እያወቀ ነው የጠየቀኝ፤ ሌላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። «ሌላ ጊዜ» ብየው አለፍሁ። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ፊት ግን አውቃለሁ፤ እኔም በወጣትነቴ አንድ ክረምት ሙሉ እንግዳ ጠብቄአለሁ።

ያኔ ቱሪዝም ተምሬ ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው አባቴ ቢሮ እንድገባለት ሲመኝ፣ እኔ በደራ በኩል ጣናን ቁልቁል በሚያይ ተራራ ላይ ወዳለች መንደር ሄድሁ። የመንደሩ ሰዎች ማኅበር መሥርተው ሎጅ ሠርተው ነበር። ድንጋዩን በትከሻቸው አጋዙ፣ ሣሩን አጨዱ፣ ጣሪያውን ራሳቸው ከደኑ። የሌላ የማንም ድርሻ አልነበረበትም። ከላይ ያሉት ገበሬዎች ክርስቲያኖች፣ ከታች ውኃው ዳር ያሉት ዓሣ አስጋሪዎች ሙስሊሞች ነበሩ፤ ማኅበሩ ግን አንድ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጋሽ አያሌው ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ ነበሩ። እኔን የቀጠሩኝ ለአስተርጓሚነት ነው።

ከታች መንደር ቶፊቅ የሚባል ጓደኛ አበጀሁ። ውኃው ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሠራል፤ ለሎጁ ዓሣ የሚያቀርበውም እሱ ነበር። «እንግዳ ሲመጣ አንተ ታወራለህ፣ እኔ አበላለሁ» ይለኝ ነበር። እንግዳው ግን አልመጣም። የደራ ክረምት ረጅም ነው፤ ጭቃው ጫማ ይበላል፣ ጉሙ ሐይቁን ለሳምንት ይሸፍነዋል። የዳጉሳ እንጀራ በድንች ወጥ እየበላን ከረምን። እስከ ዛሬ ድንች ሲቀርብልኝ ደስ አይለኝም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ አስጎብኚ ከአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች እንደሚያመጣ መልእክት ላከብን። ቀኑ ሲደርስ ቶፊቅ ዓሣ ሊያመጣ በማለዳ ወጣ። ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሣ። ታንኳው ተገልብጦ ተገኘ፤ እሱ ግን አልተገኘም።

ጩኸቱ እስከ ተራራው ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ የጣዱትን ድስት አውርደው፣ ወንዶቹ የያዙትን ጥለው ወረዱ። እኔም ልሮጥ ስል ጋሽ አያሌው ያዙኝ።

«አንተ እንግዶቹን ተቀበል።»

«ጓደኛዬ እኮ ነው፣ ጋሽ አያሌው!»

«አውቃለሁ ልጄ። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ከአንተ በቀር የለንም።»

ብቻዬን ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ላብ አጥምቋቸው ደረሱ። መኪናው ከአንበሳሜ ከተማ አልፎ የሚሄድበት መንገድ ሲያልቅ ቀሪውን ዳገት በእግራቸው ነው የወጡት። አስጎብኚው ባዶውን ግቢ አይቶ ተቆጣ። የሆነውን ነገርሁት። ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ እንውረድና ይዩዋ» አለኝ። «የሚፈልጉት እውነተኛውን ኑሮ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ አይገኝም።»

ይህን ሲል ጋሽ አያሌው ከፍለጋው እስከ ወገባቸው በውኃ ርሰው አቀበቱን ወጥተው ከኋላው ቆመው ነበር።

«ልጃችን ገና ከውኃው አልወጣም» አሉት። «እናቱ ደረቷን እየደቃች ነው። ይኼ የሚጎበኝ ነገር አይደለም።»

«እሺ፣ እዚሁ ይደሩ። ደክሟቸዋል።»

«ዛሬ እሳት የሚያነድ ሰው የለንም። እንግዳ አስገብቶ ችላ ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ያለውን ዳቦ ይቅመሱና ሳይመሽ ይውረዱ፤ ለጓዛቸው በቅሎ እሰጣችኋለሁ።»

«እንዲህ ከሆነ ሌላ እንግዳ አላመጣም። ይወቁት።»

ጋሽ አያሌው ወደ ሎጁ ዞረው አዩ። ክረምቱን ሙሉ የደከምንበት ቤት ነው። «ሎጁ የእኛ ነው፣ ወንድሜ» አሉ። «የእኛ ስለሆነ እንዘጋዋለን።»

ለእንግዶቹ ተረጎምሁላቸው። ከመካከላቸው አንዲት ሽበታም ሴት መጀመሪያ ተነሣች፤ ያወረደችውን ቦርሳ መልሳ አዘለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለጋሽ አያሌው ጎንበስ አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። እስከ መኪናው ሸኘኋቸው። ኑጉ አብቦ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነበር፤ ያን ቀን ግን ቢጫው አስጠላኝ።

ቶፊቅ በማግስቱ ከደንገሉ ውስጥ ተገኘ። መቃብሩን ከላይም ከታችም ያለው ሰው አብሮ ቆፈረ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ።

አስጎብኚው እንዳለው አደረገ፤ ሌላ እንግዳ አላመጣም። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ በራሱ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ኋላ ጊዜው ተበላሸ፣ መንገዱም ተዘጋጋ። እኔ በትላልቅ ሆቴሎች ስሠራ ኖርሁ። አንድ አስተናጋጅ እናቱ ሞታ ሳለ ሠርግ ሲያስተናግድ ያየሁበት ሆቴል አለ። ቤቱ የእሱ አልነበረም፤ ማን ይዘጋለታል?

ባለፈው ሳምንት የጋሽ አያሌው ልጅ ለሕክምና ባሕር ዳር መጥታ እኛ ቤት አረፈች። አባቷ ከሞቱ ቆይቷል። ሎጁ ፈርሶ ይሆናል ብዬ ስለማስብ መጠየቁን ፈራሁት። በመጨረሻ ግን ጠየቅሁ።

«አለ እንጂ» አለችኝ። «ሣሩን በየጊዜው እንቀይርለታለን። ለልቅሶ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ያድርበታል። የእስላሙም የክርስቲያኑም እንግዳ።»

እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ስለ ቱሪዝም ሰው ሲያወራ መስማት እንኳ ይደክመኛል፤ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ የቀረ እየመሰለኝ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ። እሷ ከተኛች በኋላ ግን ለብቻዬ ተቀምጬ አሰብሁ። ያን ቤት የሠሩት ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ እንዲያድርበት ነበር። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ እያደረበት ነው።